የቤተሰብ ዝግጁነት በወረርሽኝ ወቅት፦ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ከተማ ነዋሪዎች

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በሕዝቡ ዘንድ «የኅዳር በሽታ» በሚል ስም ይታወቃል። ዓለምን ያዳረሰው ይህ በሽታ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎችን እንደገደለ ይገመታል። ዘመኑን ያዩ ሰዎች ትተውት ካለፉት ትዝታ ውስጥ ግን ጎልቶ የሚታየው የሟቹ ብዛት ብቻ አይደለም። በአንድ ቤት ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለታመሙ ውኃ የሚያቀብል፣ እሳት የሚያነድ፣ ሬሳ የሚያነሳ ሰው መጥፋቱም ጭምር ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ይነሳል። ጭሱ ቫይረስ አይገድልም። ለዛሬ ቤተሰብ የሚጠቅመው ትምህርት የሚገኘው ከጭሱ ሳይሆን አስታማሚ አጥተው ከቀሩት ቤቶች ታሪክ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ሲገለጽ ብዙ ቤተሰቦች ዝግጅታቸውን የጀመሩት ከገበያ ነበር። የነጭ ሽንኩርት፣ የሎሚና የዝንጅብል ዋጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ናረ። የእጅ ማጽጃ አልኮልና የፊት መሸፈኛ ጭንብል እንደ ልብ የማይገኝ ሆነ። ወዲያው ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች የሚጭኑት ሰው ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። ስልክ የሚደውል ሰው ሁሉ የሚፈልገውን ሰው ድምፅ ከመስማቱ በፊት እጅ ስለመታጠብ የሚናገረውን መልእክት ይሰማ ነበር። ይሁንና ነጭ ሽንኩርት የገዛ ቤት ሁሉ ተዘጋጅቷል ማለት አልነበረም። ዕቃ መግዛት የዝግጅቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ፣ ቤቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው አልጋ በያዘ ጊዜ ሥራው በማን እጅ እንደሚያልፍ አስቀድሞ መወሰን ነው። በአብዛኛው ቤት ይህ ሰው እናት ናት።

በወልቂጤ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ስድስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በምሳሌነት ይወሰድ። አባት ባጃጅ ይነዳል፤ እናት በርበሬና ቅመም በጉልት ትሸጣለች፤ አያት አብረው ይኖራሉ፤ ከሦስቱ ልጆች ትልቋ 14 ዓመቷ ነው። ግቢው አንድ የውኃ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት አለው፤ ሌሎች አራት ተከራዮችም በእነዚሁ ይጠቀማሉ። የዛሬ እራት የሚገኘው ከዛሬ ገቢ ነው። ውኃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ሽሮው ስንት ቀን እንደሚያዘልቅ፣ የአያት የደም ግፊት ኪኒን መቼ እንደሚያልቅ፣ ከየትኛው ሱቅ በዱቤ እንደሚወሰድና የእድሩ መዋጮ ለስንት ወር እንደተከፈለ ጠንቅቃ የምታውቀው እናት ናት። እርሷ በትኩሳት በተኛች በሁለተኛው ቀን አባት ኪኒኑ የተቀመጠበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ልጅ ባዶ ጀሪካን ይዛ ወረፋ ትይዛለች፤ አያት ምንም ሳይሉ መድኃኒታቸውን ሳይውጡ ያድራሉ። ቤቱን ያናጋው የቫይረሱ ብርታት ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ መከማቸቱ ነው።

ስለዚህ የዝግጅቱ መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቅ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ «እናት ለአሥር ቀን ባትነሳስ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ቀጥሎም «አባትና እናት አብረው ቢታመሙስ?» ይበል። ውኃ ማን ይቀዳል? ማን ያበስላል? ማን ያስታምማል? ገንዘብ ከየት ይመጣል? ትንንሾቹን ማን ይይዛል? መልሱን ከልጆቹ አንዱ በደብተር ወረቀት ላይ ጽፎ በር ላይ ይለጥፈው። በመጀመሪያው ቀን ብዙዎቹ ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ ሊቀሩ ይችላሉ። ይህ አያሳፍርም፤ የጎደለው የታወቀው ሰው ጤነኛ ሳለ በመሆኑ ለመሙላት ጊዜ አለ። ከዚህ በታች ያለው ትምህርትም እነዚህን ክፍተቶች አንድ በአንድ የሚመለከት ነው።

ውኃ

በወልቂጤ የውኃ እጥረት ከነዋሪው አንደበት የማይጠፋ ጉዳይ ነው። እጅን መታጠብ የመከላከል መሠረት በሆነበት ወቅት ደግሞ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ለአስቸኳይ ጊዜ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ መስፈርት ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውኃ ዝቅተኛው መጠን ነው። ለስድስት ሰው ይህ በቀን 90 ሊትር፣ ለሦስት ቀን 270 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 14 ጀሪካን መሆኑ ነው። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ 14 ጀሪካን ማስቀመጥ እንደማይቻል ግልጽ ነው። ስለዚህ ሥራው ለሁለት ቢከፈል ይሻላል። ለመጠጥና ለማብሰያ በነፍስ ወከፍ 5 ሊትር ቢታሰብ ለሦስት ቀን አምስት ጀሪካን ይበቃል፤ ይህ ክዳኑ ተገጥሞ በቤት ውስጥ ይቀመጥ። ለእጥበትና ለመጸዳጃ የሚሆነውን ግን የግቢው ተከራዮች አዋጥተው በሚገዙት በርሜል ወይም ሮቶ በጋራ ማጠራቀም ይችላሉ። አምስት ቤት በእቁብ መልክ በየወሩ ቢያዋጣ አንድ ቤት ብቻውን የማይችለው ይቻላል።

የመጠጥ ውኃ ከታመነ ምንጭ ካልተቀዳ ይፈላ፤ ወይም በውኃ ማከሚያ ክሎሪን፣ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ታክሞ 30 ደቂቃ ይቆይ። ጀሪካን ውስጥ ኩባያ መንከር አይገባም፤ አዘንብሎ መቅዳት ይሻላል። ውኃ በጠበበበት ቤት ክዳኑ በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ እጅ መታጠብ ብዙ ውኃ ይቆጥባል፤ ዋናው የውኃው ብዛት ሳይሆን ሳሙናው ለ20 ሰከንድ መታሸቱ ነው።

የታመመ ሰው ያለበት ቤት የሚያስፈልገው ውኃ ከወትሮው ይበዛል፤ ወደ ቧንቧው ወረፋ መውጣት ያለበት ግን አይደለም። ይህን ለማስታረቅ የሚበጀው መላ ቀላል ነው። ባዶው ጀሪካን እጀታው በሳሙና ታጥቦ ከበር ውጭ ይቀመጣል፤ ጎረቤት ሞልቶ ከበር ላይ ይመልሰዋል፤ ከዚያም እጁን ይታጠባል። ፊት ለፊት መነጋገር ካስፈለገ ከሁለት ሜትር ርቀት ይበቃል። የትኛው ጎረቤት ለየትኛው ቤት እንደሚቀዳ ግን ማንም ሳይታመም መወሰን አለበት፤ በሽታ ከገባ በኋላ የሚደረግ ልመና ለለማኙም ለተለማኙም ይከብዳል።

ቀለብ

ስለ ቀለብ ማጠራቀም የጉራጌ ቤተሰብ ከማንም የሚማረው ብዙ አይደለም። ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ በጉድጓድ ውስጥ ለብዙ ወራት፣ አልፎም ለዓመታት ይቆያል። እንሰት አብቃይ አካባቢዎች ድርቅን ከሌሎች በተሻለ የሚቋቋሙትም በዚህ ምክንያት ነው። ለመስቀል ቅቤ ከወራት በፊት የምታጠራቅም እናት ዝግጁነት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ችግሩ ከተማ የገባው ቤተሰብ ጉድጓዱን ገጠር ትቶ መምጣቱ ነው። ቆጮው ከዘመድ ወይም ከገበያ የሚመጣ ከሆነ መንገድ በተዘጋ ቀን አብሮ ይዘጋል። በ2012 ዓ.ም. የተለያዩ ክልሎች የሕዝብ ማመላለሻን ለጊዜው ባገዱበት ወቅት ይህ በተግባር ታይቷል።

የዕለት ገቢ ያለው ቤተሰብ የአንድ ወር አስቤዛ በአንድ ቀን ይግዛ ማለት ቀልድ ይሆናል። በየገበያው ቀን ከተለመደው ላይ አንድ ጣሳ ሽሮ ወይም ምስር፣ ሌላ ጊዜ ጨው፣ ሌላ ጊዜ ሳሙና እየጨመሩ ለብቻ ማስቀመጥ ግን ይቻላል። በዚህ መልክ ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ የሁለት ሳምንት ስንቅ ሊጠራቀም ይችላል። ቀድሞ የተቀመጠው ቀድሞ ይበላ፤ በምትኩ አዲሱ ይተካ፤ አለዚያ ነቀዝ ይካፈለዋል። ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽሮ ወይም አይብ አብሮት ይኑር። እሳት የማይፈልግ ምግብም መታሰብ አለበት፤ የሚያበስል ሰው በጠፋበት ቀን በሶና ቆሎ ቤት ያድናሉ።

ታማሚ የምግብ ፍላጎት ሲያጣ ለአራስ የሚሠራው የቡላ ገንፎ ወይም ቀጠን ያለ አጥሚት ይስማማዋል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ ከጤና ተቋም ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ. ይሰጥ፤ እርሱ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በልኬት ይበጥበጥ። ጨው ቢበዛ፣ በተለይ ለሕፃን፣ ጉዳት አለው። የምታጠባ እናት ኮቪድ-19 ቢይዛትም ጡት መስጠት አታቁም፤ ጭንብል አድርጋ፣ እጇንም ታጥባ ታጥባ።

የታማሚ ቦታ በአንድ ክፍል ቤት

የጤና መመሪያዎች «ታማሚው ለብቻው ክፍል ይኑረው» ይላሉ። ክፍል ያለው ቤተሰብ ይህን ያድርግ። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ቤተሰብ ግን ተስፋ ቆርጦ መተው የለበትም። የታማሚው አልጋ ወይም ፍራሽ ወደ መስኮት ይጠጋ፤ በመጋረጃ ወይም በነጠላ ይከለል፤ ሌሎቹ በተቻለ መጠን ርቀው፣ ራሳቸውን ከታማሚው ራስ በተቃራኒ አድርገው ይተኙ። አያትና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ወደ ሌላ ዘመድ ቤት የሚዛወሩ ከሆነ ጊዜው ሰው ሳይታመም ወይም ወዲያው እንደታመመ ነው፤ ከታማሚ ጋር ከሰነበቱ በኋላ የሚደረግ ዝውውር በሽታውን ይዞ መሄድ ሊሆን ይችላል። የምታስታምም ወይም የሚያስታምም አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ እርሱም ወጣትና ጤነኛ ቢሆን ይመረጣል። ለታማሚው የራሱ ሳህን፣ ኩባያና ማንኪያ ይለይለት። ለጊዜው ከአንድ ገበታ መብላትና መጎራረስ ይቅር።

መስኮት መክፈት በብዙ ቤት ክርክር ያስነሳል። በዘቢዳር ተራራ ግርጌ ባለችው ቡታጅራ ሌሊቱ ይበርዳል፤ «ብርድ ይመታዋል» የሚል አሳቢ ዘመድም አይጠፋም። ነገር ግን በታማሚው እስትንፋስ የሚወጣው ቫይረስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይጠራቀማል፤ አየር ሲንሸራሸር ይበተናል። ለብርዱ መድኃኒቱ ተጨማሪ ጋቢና ብርድ ልብስ ነው እንጂ የተዘጋ መስኮት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከሰል ነው። ለታማሚ ሙቀት እንዲሆን ወይም ባሕር ዛፍና ዳማ ከሴ ለመታጠን ሲባል የከሰል ምድጃ በተዘጋ ቤት ማንደድ በወረርሽኝ ወቅት የሚበዛ ልማድ ነው። መታጠን ኮቪድ-19ን አያድንም፤ የፈላ ውኃም ልጆችን ያቃጥላል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ቤተሰብን በእንቅልፍ ላይ ሊገድል ይችላል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ስለሆነ ከበሽታው ጋር ይምታታል። የቤቱ ሰዎች ሁሉ በአንድ ምሽት ራሳቸውን ቢያማቸውና ወደ ውጭ ሲወጡ ቢሻላቸው ጥርጣሬው በመጀመሪያ በከሰሉ ላይ ይሁን፤ ወዲያውኑ ሁሉም ወደ አየር ይውጡ፤ እርዳታም ይጠራ። ከሰል ውጭ ተቀጣጥሎ ቢገባም እንኳ ጋዙ አይቀርም። ሰው በሚተኛበት ክፍል ከሰል አይደር።

በረኪናም ከቤት የማይጠፋ ነገር ሆኗል። በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለመጸዳጃ ቤትና ትውከት ለነካው ቦታ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ፣ ለበር እጀታና ለጠረጴዛ ደግሞ በአንድ ሊትር ውኃ አራት የሻይ ማንኪያ ይበቃል። የተበጠበጠው በዕለቱ ያልቅ። ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያስነሳል። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የተቀመጠ በረኪና ለልጅ ለስላሳ ነው። መጠጣትም ሆነ መጉመጥመጥ በማንም ቢመከር አይደረግ።

መድኃኒትና የጤና ክትትል

የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የቲቢ ወይም የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለበት ቤት ኪኒኑን በሳምንት አንድ ቀን ይቁጠር። ከሁለት ሳምንት ያነሰ ሲቀር ወደ ጤና ጣቢያ መሄጃው ጊዜ ደርሷል። ሁኔታቸው ለተረጋጋ ታካሚዎች ጤና ተቋሙ የብዙ ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሊሰጥ ስለሚችል ታካሚው ራሱ ይጠይቅ። ማቀዝቀዣ የሌለው ወይም መብራት የሚቆራረጥበት የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን ውኃ እንዳይገባው በደንብ አሽጎ፣ እርጥብ አሸዋ በያዘ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ጥላ ባለበት ቦታ ማስቀመጥ ይችላል።

ትኩሳት ሁሉ ኮቪድ-19 አይደለም። ወደ ግቤ ሸለቆ ባለው ቆላማ የወልቂጤ ዙሪያና ከቡታጅራ ዝቅ ብለው ባሉ አካባቢዎች ወባ አለ። ለይቶ መቀመጥ ያለበት ሰው የወባ ምርመራ ሳይደረግለት በቤት ውስጥ ቢሰነብት የሚድን በሽታ ሊገድለው ይችላል። ትኩሳት የያዘው ሰው ጭንብል አድርጎ ይመርመር፤ ወይም ለጤና ባለሙያ ተደውሎ ምክር ይጠየቅ።

ኮቪድ-19 በአብዛኛው ሰው ላይ ቀለል ብሎ ያልፋል። በሚጠናባቸው ሰዎች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚከፋው ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ «ሦስት ቀን አልፎታል፤ ድኗል» ብሎ መዘናጋት አይገባም። የመተንፈስ ችግር፣ የደረት ሕመም ወይም ጥብቀት፣ ግራ መጋባት፣ ከእንቅልፍ አለመንቃት፣ የከንፈር መጥቆር ወይም መጠጣት አለመቻል ከታየ ማደር የለበትም። የነጻ የስልክ መስመሮቹ 8335 እና 952 ናቸው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እነዚህ ቁጥሮች በስልክ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይም ይጻፉ፤ የአባት ስልክ ባትሪው ያለቀ ቀን ልጅ ከጎረቤት ስልክ መደወል አለባት።

ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። በወረርሽኝ ወቅት ብዙ እናቶች ከፍርሃት የተነሳ ከጤና ተቋም ይርቃሉ። በወልቂጤ አቅራቢያ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ግን ተቃራኒውን የሚያስተምር ታሪክ አለው። ሆስፒታሉ ከሩቅ የሚመጡና ለችግር የተጋለጡ እናቶች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ ካላቸው የአገሪቱ ቀደምት ተቋማት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት በሆስፒታሉ በተደረገ ጥናት፣ በማቆያው ቆይተው ከወለዱ እናቶች ሕፃናት መካከል ሞተው የተወለዱት ከ1,000 ወደ 18 ሲሆኑ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ከመጡት ደግሞ ከ1,000 ወደ 191 ነበሩ። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናና ችግር ከተፈጠረ በኋላ የደረሱ መሆናቸው ለልዩነቱ አንድ ምክንያት ነው፤ ነገሩም ይኸው ነው፤ አስቀድሞ መድረስ። የመውለጃው ወር በታወቀበት ቤት ማን እንደሚሸኝ፣ በምን ተሽከርካሪ እንደሚኬድና ሌሎቹን ልጆች ማን እንደሚይዝ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

ግቢውና እድሩ

በአንድ ግቢ ያለ ቤተሰብ ለብቻው ሊዘጋጅ አይችልም። መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ነው፤ ቧንቧው የጋራ ነው፤ በሽታውም እንደዚያው። የግቢው ሰዎች በአየር ላይ፣ ተራርቀው ቆመው፣ የመጸዳጃ ቤቱን የጽዳት ተራ፣ የታመመ ቤት ውኃ አቅራቢንና ገበያ ሄያጅን ይወስኑ። ቡና መጣጣቱ ለጊዜው ቢቀር ወሬው በስልክ ይቀጥል፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት በቀን አንድ ጊዜ የሚጠራቸው ሰው ይመደብላቸው። የታመመን ቤት በጥቆማና በሹክሹክታ ማግለል ሕመምን ያስደብቃል፤ የተደበቀ ሕመም ደግሞ ግቢውን ሁሉ ያዳርሳል።

እድር በባህላችን የተመሠረተው ለሞት ነው። ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ያቀርባል፣ ሐዘንተኛን ያጽናናል። በ2012 ዓ.ም. ግን ለቀብር የሚወጣው ሰው ቁጥር ሲወሰንና ለቅሶ ቤት መሰብሰብ ሲቀር እድሮች ገንዘባቸው፣ የአባላት ዝርዝራቸውና ጥሩምባ ነፊያቸው እያለ የለመዱትን ሥራ መሥራት ያልቻሉበት ወቅት ነበር። ከዚህ የሚነሳው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ለቀብር የሚከፈለው ገንዘብ ከፊሉ አባሉ በሕይወት ሳለ ለምን አይከፈልም? ለሁለት ሳምንት ከሥራ የሚውል ባጃጅ ነጂ ቤት የሚላክ አንድ ቁና እህልና ጥቂት ብር ሰውየው ሳይድን ለሥራ እንዳይወጣና ሌላውን እንዳያስይዝ ያደርጋል። ይህ የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ማሻሻል የሚጠይቅ ስለሆነ ወረርሽኙ ጋብ ባለበት ወቅት በጠቅላላ ጉባኤ ቢወሰን ይመረጣል።

ቤት ለቤት መመዝገብ በተለይ ለቡታጅራ እንግዳ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትን፣ ሞትንና የሰዎችን ዝውውር በየቤቱ የሚከታተል የጤና ጥናት ሲያካሂድ ኖሯል፤ የአገሪቱ ብዙ የሕዝብ ጤና ዕውቀትም ከእነዚያ ቤቶች ደጃፍ የተገኘ ነው። እድርም በራሱ ደረጃ ተመሳሳይ ነገር ማድረግ ይችላል፦ ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ነፍሰ ጡሮችና በየዕለቱ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ያሉባቸውን ቤቶች ከነስልካቸው መያዝ። የበሽታው ስም ግን አይጻፍ፤ «ክትትል የሚሻ» የሚለው ይበቃል። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ብዙ መቶ ቤቶችን የምታይ ስለሆነች እንዲህ ያለ ዝርዝር በእጇ ቢኖር ከየትኛው ቤት እንደምትጀምር ታውቃለች።

የበዓል ጉዞ

ከሁሉም የከበደው ውሳኔ የሚመጣው በመስከረም ነው። ለመስቀል፣ በሙስሊሙም ዘንድ ለአረፋ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚኖረው የጉራጌ ተወላጅ ወደ ትውልድ ቀዬው ይጎርፋል። በመርካቶ ግርግር የሰነበተ ወጣት በአንድ ቀን ውስጥ ከ70 ዓመት እናቱ አጠገብ ተቀምጦ ክትፎ ይበላል። ወልቂጤና ቡታጅራ ደግሞ የዚህ ጉዞ ማረፊያና መተላለፊያ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚገኝን ልጅ «አትምጣ» ማለት ለወላጅ ቀላል አይደለም፤ ልጁም ባይመጣ እንደ መካድ ይቆጠርብኛል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ጉዳዩ በበዓሉ ዋዜማ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ በሬው ሳይገዛ፣ ቤተሰቡ በስልክ ሊነጋገርበት ይገባል።

ሳል፣ ትኩሳት ወይም የማሽተት ችሎታ ማጣት የታየበት፣ ወይም በቅርቡ ከታማሚ ጋር የነበረ ሰው ይቅር፤ ድርሻውን በባንክ ይላክ። የመጣም ሰው ሰላምታውን ከእጅ መንሻ ጋር በርቀት ያድርግ፤ ግብዣው ከቤት ይልቅ በደጅ፣ በጥላ ሥር ይሁን። ክትፎው ለየሰዉ በየጣባው ይቅረብ፤ አዛውንቱ ከእንግዳው ፈንጠር ብለው ይቀመጡ። በኢትዮጵያ የኮቪድ-19 ክትባት መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የወላጆቹን ክትባት የሚያስጨርስ ልጅ ይህን ከበዓሉ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ያስፈጽም፤ ክትባቱ በሰውነት ውስጥ መከላከያ ለመፍጠር ሳምንታት ይፈልጋልና።

ከበዓል መልስ ያሉት ሁለት ሳምንታት የአያት ቤት በቅርብ የሚታይባቸው ናቸው። እንግዶቹ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ የቤቱ ወረቀት በር ላይ እንዳለ ይፈተሽ፦ ስልክ ቁጥሮቹ ይነበባሉ? ኪኒኑ ስንት ቀርቷል? የመጠጥ ውኃው ጀሪካን ሙሉ ነው? ለቤቱ ውኃ የሚቀዳው ጎረቤት እዚያው ግቢ ውስጥ አለ ወይስ ቤት ለቋል? ለቆ ከሆነ በምትኩ የሌላ ሰው ስም ዛሬውኑ ይጻፍ።